ጥያቄው ረቂቁ ሳይዘጋ ይድረስ፦ የአካባቢ አስተዳደሮችን ማኅበር ለሚመሩና ለሚወተውቱ

በአካባቢ አስተዳደሮች ማኅበራት ዘንድ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ቀን ይወያያል፤ በመዝጊያው አሥራ አራት ነጥብ ያለው የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ በማግስቱ መሸኛ ደብዳቤ ተያይዞ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይላካል። ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣው መልስ «ጥያቄያችሁ ደርሶናል፣ በመታየት ላይ ነው» የሚል ነው። ይህ ሲሆን ማንም ተንኮል አልሠራም። የበጀት ጣሪያው፣ ማለትም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሊጠይቅ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ጉባኤው ሳይሰበሰብ ተወስኖ አልቋል፤ ከአሥራ አራቱ ነጥቦች የቱ እንደሚቀድም ደግሞ ማኅበሩ ራሱ አልተናገረም።

ማኅበር የሚሰማው ጥያቄው አንድ ወይም ሁለት ሲሆን፣ የሚለወጠው አንቀጽ ወይም የበጀት ርዕስ በስሙ ሲጠራ፣ ረቂቁን የሚጽፈው ባለሙያ ሳይጨርሰው በእጁ ሲገባ ነው። እዚያ ለመድረስ ከሚኒስቴሩ በር በፊት በራስ ቤት ውስጥ ብዙ መሠራት አለበት።

መጀመሪያ የቆማችሁበትን መሬት እወቁ

የአካባቢ አስተዳደሮች ማኅበር የሙያ ማኅበርም የበጎ አድራጎት ድርጅትም አይደለም። አባላቱ በሕዝብ የተመረጡ ምክር ቤቶችና አስተዳደሮች ናቸው፤ ስለዚህ የሚናገረው የመንግሥት አንዱ እርከን ለሌላው እርከን ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1913 በቤልጂየሟ ጌንት ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ መቀመጫውን ባርሴሎና ያደረገው የተባበሩት ከተሞችና የአካባቢ መንግሥታት ድርጅት ደግሞ ያ ማኅበር ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈጠረ ነው።

የምትጠቅሱት ሕግ ግን ከአገር አገር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1985 ለፊርማ የቀረበው የአውሮፓ የአካባቢ ራስ አስተዳደር ቻርተር በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 6 አካባቢዎች በቀጥታ በሚመለከቷቸው ጉዳዮች በተቻለ መጠን በጊዜውና በተገቢው መንገድ እንዲመከሩ ያዛል፤ አንቀጽ 10 የመደራጀት መብታቸውን ይደነግጋል። የአፍሪካ ኅብረትም ስለ ሥልጣን ማውረድ፣ ስለ አካባቢ አስተዳደርና ልማት እሴቶችና መርሆዎች የሚደነግገውን ቻርተር እ.ኤ.አ. በ2014 በማላቦ አጽድቋል። አገራችሁ ፈርማ ከሆነ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ያንን ይጥቀስ።

ከዚያ በላይ የሄዱም አሉ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 163 ለተደራጀ የአካባቢ መንግሥት፣ ማለትም ለማዘጋጃ ቤቶች ማኅበራት፣ ሕጋዊ ዕውቅና እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 67 ደግሞ እስከ አሥር የሚደርሱ ተወካዮቻቸው የፓርላማው ሁለተኛ ምክር ቤት በሆነው በብሔራዊ የክፍላተ አገር ምክር ቤት እንዲሳተፉ ይፈቅዳል፤ ድምፅ ግን አይሰጡም። በዴንማርክ የማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር ከመንግሥት ጋር በየዓመቱ ስለ ቀጣዩ ዓመት የማዘጋጃ ቤቶች ወጪ ተደራድሮ ስምምነት ይፈርማል። ሁለቱን ስታነጻጽሩ አንድ ነገር ይታያችኋል፤ የሚፈለገው ወንበሩ ብቻ ሳይሆን የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። በጀት ሳይጸድቅ የተገኘ ተራ የስብሰባ ቦታ ከጸደቀ በኋላ ከሚገኝ የክብር መቀመጫ ይበልጣል።

በሕግ የተጻፈ ምንም ከሌላችሁ የመጀመሪያው ዓመት ሥራችሁ ከሚመለከተው ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ይሁን። ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ረቂቅ ሕግና መመሪያ ሲዘጋጅ ለአስተያየት የሚሰጠው የሥራ ቀን ብዛት (ከ20 ባያንስ)፣ ከሁለቱም ወገን የሚገናኙት ሰዎች የሥራ መደብ፣ እና አስተያየቱ ካልተቀበሉት ምክንያቱ በጽሑፍ እንደሚገለጽ። የሰው ስም አይጻፍበት፤ ሰው ይዛወራል፣ መደብ ይቀራል።

የቤት ውስጥ ሥራ፦ ድምፅ፣ መዋጮ፣ ወንበር

ማኅበርን በቶሎ የሚያፈርሰው የትልቁ ከተማና የትናንሾቹ አለመተማመን ነው። ድምፅ በሕዝብ ብዛት ብቻ ከተሰጠ አንድ ዋና ከተማ ያሻውን ያስወስናል። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ከተማ መዋጮውን ማዘግየት ይጀምራል፤ ከዚያም ብቻውን ወደ ሚኒስትሩ ይሄዳል። መሃል መንገድ ሆኖ የሚሠራው ድርብ አብላጫ ነው፦ የጋራ አቋም የሚጸድቀው ከተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛው ሲደግፉትና ደጋፊዎቹ ከአባላቱ ጠቅላላ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ሲወክሉ ነው። ከሕዝቡ 40 በመቶ የያዘ ከተማ በዚህ ስሌት ብቻውን ማስወሰንም ማገድም አይችልም፤ አጋር መፈለግ ግዴታው ይሆናል። ይህ ስሌት ለዕለት ተዕለት ጉዳይ አይዋል፤ ለአቋምና ለመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ብቻ ነው።

መዋጮም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሁሉም እኩል የሆነ መነሻ፣ በላዩ በነዋሪ ቁጥር የሚሰላ ጭማሪ፣ ከዚያ ጣሪያ ይኑረው፤ የትኛውም አንድ አባል ከጠቅላላው መዋጮ ከ15 በመቶ በላይ ባይሸፍን ይመረጣል። ሲበልጥ የዚያ አባል ኩርፊያ የጽሕፈት ቤቱን ደመወዝ ያቆማል። ከለጋሾች የሚመጣ ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ ለፕሮጀክት ይሁን እንጂ ለዋና ጸሐፊውና ለፖሊሲ ባለሙያዎቹ ደመወዝ አይዋል። ደመወዛቸው በፕሮጀክት የተያዘ ባለሙያዎች ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለፕሮጀክቱ ሪፖርት ነው፤ የአባላት ጥያቄ ተራ ይጠብቃል።

ቦርዱ ከ9 እስከ 13 ሰው ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ምልዓተ ጉባኤ መሙላት ራሱ ሥራ ይሆናል። ከትልልቅ ከተሞች፣ ከመካከለኛና ከትናንሽ ከተሞች፣ ከገጠር አስተዳደሮች የሚመጡ ወንበሮች በደንቡ ይለዩ። ግማሹ የቦርድ አባል በአንድ ዙር፣ ግማሹ በሌላው ዙር ይመረጥ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ከተቀየሩ ያለፈው ድርድር የት እንደቆመ የሚያውቅ አይኖርም። ብዙ ደንቦች የሚዘነጉት አንድ አንቀጽም አለ። ሊቀ መንበሩ በራሱ አካባቢ ምርጫ ተሸንፎ ከንቲባነቱን ቢያጣ ምን ይሆናል? መልሱ ካልተጻፈ ማኅበሩ ለወራት ያለ ፈራሚ ይቀራል፤ የባንክ ሒሳቡም አብሮ ይቆማል። «ሊቀ መንበሩ በአባል አስተዳደሩ ያለው ሹመት በተቋረጠበት ዕለት ምክትሉ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይተካዋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

የሊቀ መንበሩና የዋና ጸሐፊው ድርሻም ይለይ። ሊቀ መንበሩ ስለ አቋም ይናገራል፤ ዋና ጸሐፊው ስለ መረጃና ስለ ሥነ ሥርዓት። ሲምታታ ሚኒስቴሩ ከሁለቱ የላላውን መርጦ ያነጋግራል።

ከብዙ ቅሬታ አንድ ጥያቄ ማውጣት

አባላት ያመጡትን ሁሉ ጻፉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ አንጓልሉት። ከአባላቱ ከግማሽ በላዩን፣ ያውም ከሁሉም ዓይነት አባላት የተውጣጡትን ይነካል? ውሳኔው በማን እጅ ነው፤ በፓርላማ፣ በካቢኔ ወይስ በአንድ ዳይሬክቶሬት? በሚቀጥሉት 12 ወራት ውስጥ የሚወሰንበት አጋጣሚ አለ? ሦስቱንም ያለፈ ብቻ ለዓመቱ ይያዝ። የቀሩት በመዝገብ ይቆዩ፤ ላቀረባቸው አባልም ለምን እንደቆዩ በጽሑፍ ይነገረው። ዝም ብሎ ማስቀረት ሰው ያስቀይማል።

አንድ ጉዳይ ግን በተለይ ይጠንቀቁበት፦ የድጎማ ክፍፍል ቀመር። የአንዱ አባል ድርሻ ሲጨምር የሌላው ይቀንሳል፤ ማኅበሩ የአንዱን ወገን ከያዘ በማግስቱ ሁለት ይሆናል። ማኅበር በጋራ ሊጮኽበት የሚችለው ስለ ጠቅላላው የድጎማ መጠን፣ በወቅቱ ስለ መተላለፉ፣ ቀመሩ በግልጽ ስለ መታተሙና ስለሚጠቀምበት መረጃ ትክክለኛነት ነው። የየራሳቸውን ድርሻ አባላት በየራሳቸው ይከራከሩበት።

ማስረጃው ከባንክ መግለጫ ይጀምር

«ድጎማ ይዘገያል» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም አያስጨንቅም። ለአባላት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ቅጽ ላኩ፤ ስድስት ጥያቄ ይበቃል፦ ገንዘቡ ሊገባ የሚገባው ቀን፣ በባንክ መግለጫ ላይ የገባበት ቀን፣ መጠኑ፣ በመዘግየቱ የቆመው ሥራ፣ ሥራው የቆመበት የቀን ብዛት፣ ያስከተለው ተጨማሪ ወጪ። የባንክ መግለጫው ቅጂ ይያያዝ። ቅጹ ወደ ከንቲባው ቢሮ ብቻ አይሂድ፤ ግልባጩ ለፋይናንስ ኃላፊው ይድረስ፤ የሚሞላው እሱ ነውና። በአሥረኛው ቀን ላልመለሱት ስልክ ይደወል። ያለ ስልክ ከግማሹ በላይ መልስ አትጠብቁ።

ስታጠቃልሉ ቁጥሩን አታሳብጡ። ለምሳሌ ከ60 አባላት 44ቱ መልሰው ለ31ዱ የሦስተኛው ሩብ ዓመት ገንዘብ ከ30 ቀን በላይ ዘግይቶ ቢሆን የሚጻፈው «ከመለሱት 44 አባላት 31ዱ» ነው እንጂ «70 በመቶ የሚሆኑ አስተዳደሮች» አይደለም። የሚኒስቴሩ ባለሙያ የዝውውሩን ቀን በእጁ ይዟል፤ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ካገኘ የቀረውን ማንበቡን ያቆማል።

አዲስ ኃላፊነት ያለ በጀት ሲወርድ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። የሲቪል ምዝገባ ወደ አካባቢ ወረደ እንበል። ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያና ሥልጠና 100 ቢሆን፣ በየዓመቱ ለደመወዝ፣ ለወረቀት፣ ለኔትወርክና ለመጓጓዣ 35 ቢወጣ፣ የአምስት ዓመቱ ወጪ 275 ነው። 100 ብቻ ጠይቆ ያገኘ ማኅበር ከወጪው ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን በአባላቱ ላይ ጥሎ በድል ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት መስመር ይኑረው፦ የመነሻ ወጪና ዓመታዊ ወጪ። ዓመታዊው ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከልበት መንገድም አብሮ ይጻፍ።

በምሳሌነት የምታቀርቧቸውን አስተዳደሮች የኦዲት ሪፖርት አስቀድማችሁ አንብቡ። ገንዘብ አነሰን የሚል አስተዳደር የዓመቱን በጀት ሳይጨርስ ለካዝና መልሶ ከተገኘ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። የተመለሰው ገንዘብ በመጨረሻው ወር የደረሰ ከሆነ ግን ያ ራሱ ምርጥ ማስረጃችሁ ነው፤ ቀኑን አጠገቡ ጻፉለት።

አንድ ገጽ

ጥናታችሁ ሃምሳ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ በሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ግን አንድ ገጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ጥያቄው፤ ቀጥሎ ከሦስት ያልበለጡ ቁጥሮች፤ ቀጥሎ የሚለወጠው ጽሑፍ ቃል በቃል፤ ከዚያ ለመንግሥት የሚያስወጣው ወጪ፤ በመጨረሻ ማኅበሩ በበኩሉ የሚፈጽመው ግዴታ። «ትኩረት ይሰጠው»፣ «ይታሰብበት»፣ «ይጠናከር» የሚሉ ቃላት ካሉበት አውጧቸው። እነዚህን ማንም ሳይቸገር ይስማማባቸዋል፤ የሚፈጽማቸው ግን አይገኝም።

የሚለወጠውን ጽሑፍ እንዲህ አድርጋችሁ አቅርቡት፦

«በጥቅል ድጎማ አፈጻጸም መመሪያው ‹ድጎማው በየሩብ ዓመቱ ይተላለፋል› የሚለው ድንጋጌ ‹ድጎማው ሩብ ዓመቱ በገባ በ15 ቀናት ውስጥ ይተላለፋል፤ ከዚህ ከዘገየ ምክንያቱና የሚተላለፍበት ቀን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ይገለጻል› በሚል ይተካ።»

ይህን የተቀበለ ባለሙያ ሌላ ምንም መጻፍ አይኖርበትም፤ ገልብጦ ወደ ረቂቁ ያስገባዋል። እዚህ ላይ ቦርዱ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር አለ፤ 15 ቀኑ ካልተቻለ የምንቀበለው ስንት ነው? 30 ከሆነ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በአንድ ገጹ ላይ ግን አይጻፍ። ተደራዳሪዎቹ የት ድረስ ማፈግፈግ እንደሚችሉ ሳያውቁ ከገቡ ወይ ሁሉንም ይሰጣሉ፣ ወይ «አማክረን እንመለስ» ብለው ቀኑን ያሳልፋሉ።

ከበጀት ዓመቱ ወደ ኋላ ቁጠሩ

የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበትን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ተመለሱ፦ ፓርላማ የሚያጸድቅበት፣ ካቢኔ የሚልክበት፣ የመሥሪያ ቤቶች የበጀት ውይይት፣ ጣሪያ የሚገለጽበት፣ የበጀት ጥሪ የሚወጣበት። እነዚህ ቀኖች በገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ካሌንደር ላይ ይገኛሉ። ጥያቄያችሁ ጣሪያው ከመገለጹ ቢያንስ ሁለት ወር ይቅደም። በብዙ አገር ይህ ማለት የበጀት ዓመቱ ከመግባቱ ከስምንት እስከ አሥር ወር በፊት ነው። ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ከዚህ በኋላ የሚውል ከሆነ የምትቀይሩት የጉባኤውን ቀን ነው።

መጀመሪያ የሚጎበኘው ሚኒስትሩ አይደለም። ረቂቁን የሚጽፈው የሥራ ክፍል ባለሙያ ነው፤ ሳያውቀው ከበላይ የወረደበትን ሐሳብ እንቅፋት ፈልጎ ያዘገየዋል፤ አስቀድሞ ካማከራችሁት ግን ስሕተታችሁን ያርምላችኋል። ቀጥሎ የዘርፉ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ። ከገዥውም ከተቃዋሚውም ወገን ያሉ የኮሚቴ አባላት ያንኑ አንድ ገጽ ይቀበሉ። ለአንዱ ወገን ብቻ የተሰጠ ወረቀት በማግስቱ የፓርቲ ወረቀት ይባላል። አባሎቻችሁ በልዩ ልዩ ፓርቲ የሚመሩ ከሆነ ልዑኩም እንደዚያው ይደባለቅ።

በክፍሉ ውስጥ

ሦስት ሰው ይግባ፤ ከአምስት በላይ ከሆነ ንግግሩ የሰላምታ ይሆናል። አንዱ ጥያቄውን ያቀርባል፣ አንዱ በራሱ አካባቢ የሆነውን ይናገራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። የተሰጣችሁ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ለ20 ደቂቃ ተዘጋጁ፤ ቀሪው ይወሰድባችኋል።

አቅራቢው በሁለት ደቂቃ ይጨርስ፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ የመጣነው ለአንድ ጉዳይ ነው። ድጎማው ሩብ ዓመቱ በገባ በ15 ቀን ውስጥ እንዲገባ መመሪያው እንዲሻሻል እንጠይቃለን። ተጨማሪ ገንዘብ አንጠይቅም።» ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከትንሹ አስተዳደር የመጣው ቢሆን ይሻላል፣ የውኃ ቧንቧው ሥራ በስንተኛው ቀን እንደቆመ፣ ተቋራጩ ስንት ተጨማሪ እንደጠየቀ ይናገር። ከዚያ ዝም በሉ። ይህ ዝምታ ለብዙ ልዑካን የሚከብድ ነው፤ ፈርተው ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምሩና ሚኒስትሩ ከሁሉ ቀላሉን መርጠው መልስ ሰጥተው ያሰናብቷቸዋል።

ተነሥታችሁ ሳትወጡ ጸሐፊው ሦስት ነገር ያረጋግጥ፦ ጉዳዩን የሚይዘው ማን ነው፣ እስከ መቼ፣ ቀጣዩ ግንኙነት በምን መንገድ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ የምስጋና ደብዳቤ ይሂድ፤ እነዚህ ሦስቱ በውስጡ ይጻፉ። ያ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሲሰጠው የቃል ተስፋው ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

አባል ሲያፈነግጥ፣ ጋዜጠኛ ሲመጣ

ለጋራ ጥያቄ የሄደ ከንቲባ በዚያው ክፍል «የእኔንም መንገድ ጉዳይ» ካለ የሁሉም ጥያቄ ተሸጠ። ደንባችሁ ላይ አኑሩት፦ በማኅበሩ ስም በተያዘ ቀጠሮ የግል ጉዳይ አይነሣም፤ ያነሣ በቀጣዩ ዓመት ልዑክ አይሆንም። በአቋሙ የማይስማማ አባል ግን ሐሳቡን የመያዝ መብት አለው፤ የተለየው አስተያየት በቃለ ጉባኤ ይያዝለት፤ በአደባባይም በራሱ ስም ይናገር። ሊያፍኑት የሞከሩት አባል ማኅበሩን ጥሎ ይወጣል።

ለመገናኛ ብዙኃን መናገር ከድርድሩ በኋላ ይምጣ። ቀነ ገደቡ አልፎ መልስ ከጠፋ መጀመሪያ በደብዳቤ አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁጥሮቹን ይፋ አድርጉ። ሲደረግም የሰው ስም ሳይነሣ ድርጊቱና ቀኑ ይነገር። ያንኑ ባለሥልጣን በሚቀጥለው ዓመት ታገኙታላችሁ።

አዋጁ ወጣ፤ መመሪያውስ?

ብዙ የተደከመበት አንቀጽ በፓርላማ ይጸድቅና በማስፈጸሚያ መመሪያው ይሸረሸራል። ለምሳሌ በአዋጅ የጸደቀ «በ15 ቀን ውስጥ» የሚል ገደብ ወደ መመሪያ ሲወርድ «አስፈላጊው ሰነድ ተሟልቶ በቀረበ በ15 ቀን ውስጥ» ይሆናል፤ ሰነዱ ተሟልቷል የሚለው ማን እንደሆነ አይጻፍም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ አዋጁ በጸደቀ በሳምንቱ መመሪያውን የሚያረቅቀው ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ፤ የሰነዶቹንም ዝርዝርና «ሰነዱ ከቀረበ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ጉድለቱ ካልተገለጸ እንደተሟላ ይቆጠራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ይላክ።

መመሪያው ሥራ ላይ ሲውል ያንኑ የስድስት ጥያቄ ቅጽ በሁለተኛው ሩብ ዓመት መልሳችሁ ላኩ። ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ በአሥር ቀን ውስጥ ለአባላት ይድረስ፦ ምን ጠየቅን፣ ምን አገኘን፣ ምን ቀረ፣ የቀረው በማን እጅ ነው። ግልባጩ ከደብዳቤዎቹ፣ ከቃለ ጉባኤዎቹና ከአንድ ገጹ ጋር በአንድ ፋይል ይታሰርና በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ፤ አዲስ ሊቀ መንበር ሲመረጥ በርክክቡ ቀን ፈርሞ የሚረከበው የመጀመሪያ ሰነድ እሱ ይሁን።